ጭምብሉን ያልደበቀ ፊልም፦ የአድናቂዎች ትዝታና ከወግ የወጣው የሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ

(በፋኩልቲው ይፋዊ የንግግር መድረክ በቃል የቀረበ፤ በጽሑፍ ሲዘጋጅ መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት መድረክ ቀለል ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የቆምሁት ስለ አንድ እንግሊዛዊ የፖፕ ዘፋኝ፣ እርሱን በቺምፓንዚ መልክ ስላቀረበ ፊልምና ያንን ፊልም በጉጉት ስለጠበቁ አድናቂዎች ልናገር ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀላል ከሚመስል ጉዳይ ሥር ለታሪክ ባለሙያ የማያረጁ ጥያቄዎች አሉ። የአንድን ሰው ሕይወት የሚተርከው ማን ነው? በማን ፈቃድ ነው የሚተርከው? ተራኪው የሆነውን ነገር ሲለውጥስ አድማጩ በምን ያውቅበታል? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ባለታሪኩ። ሮቢ ዊሊያምስ በ1974 በእንግሊዟ የሸክላ ሥራ ከተማ በስቶክ ኦን ትሬንት ተወለደ። በ16 ዓመቱ «ቴክ ዛት» የተባለውን የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ፤ በ1995 ከቡድኑ ወጣ። በየካቲት 1996 ቡድኑ መበተኑን ሲያስታውቅ በብሪታንያ ልባቸው የተሰበረ ወጣት አድናቂዎችን የሚያጽናኑ የስልክ መስመሮች ተከፍተው ነበር። ይህን ዝርዝር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ለዘፋኝ ቡድን መበተን የማጽናኛ ስልክ የሚያስፈልገው ኅብረተሰብ፣ ያ ቡድን በሰዎች ሕይወት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ራሱ መስክሯል። ዊሊያምስ ብቻውን ከዘፈነ በኋላ ዝናው ይበልጥ ገነነ፤ በነሐሴ 2003 በኔብዎርዝ ሜዳ በሦስት ምሽቶች ለ375,000 ሰዎች ዘፈነ።

ፊልሙ «ቤተር ማን» ይባላል፤ «የተሻለ ሰው» እንደማለት ነው። በ2024 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ አውስትራሊያዊው ማይክል ግሬሲ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ዊሊያምስ ራሱ፣ በራሱ ድምፅ ነው። በመጋረጃው ላይ የምናየው ግን ዊሊያምስን አይደለም፤ እርሱን የሚመስል ተዋናይም አይደለም። ጆኖ ዴቪስ የተባለ ተዋናይ ይተውናል፤ የኒውዚላንዱ ዌታ ኤፍ ኤክስ ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ የተዋናዩን እንቅስቃሴና የፊቱን ስሜት በኮምፒዩተር ወደ ቺምፓንዚ ለውጠውታል። በፊልሙ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ሁሉ ሰው ነው፤ ማንም ዘፋኙ እንስሳ መሆኑን አያነሣም። እናቱ ታቅፈዋለች፣ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ቺምፓንዚ የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከረጅም ንግግሮች ነው። ግሬሲ ከዘፋኙ ጋር እየተቀመጠ ሕይወቱን ሲያስተርከው፣ ዊሊያምስ ራሱን እየደጋገመ ለሰው መሣቂያ በመድረክ ላይ ከሚያስጨፍሯት ጦጣ ጋር ያመሳስል ነበር። ዳይሬክተሩ ምሳሌውን ቃል በቃል ወሰደው። በእኛ ቋንቋ ሰውን ዝንጀሮ ማለት ስድብ ነው፤ በእነርሱም ዘንድ ክብር አይደለም። እዚህ ላይ ግን ስድቡን ለራሱ የመረጠው ባለታሪኩ ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም እንደሚወጣ ሲሰማ አድናቂዎች ለምን ተደሰቱ? የሚወዱት ዘፋኝ በእንስሳ ቆዳ ሲቀርብ ለምን አልተቆጡም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይስባል የሚል ነው። ይህ መልስ አያረካኝም፤ አዲስነቱ አድናቂ ያልሆነውንም እኩል መሳብ ነበረበት፤ እንደምናየው ግን አልሳበም። እኔ የማቀርብላችሁ ሌላ ማብራሪያ ነው። ከወግ የወጣው የሕይወት ታሪክ ፊልም ሕይወቱን ከሀ ጀምሮ አያስተምርም፤ ተመልካቹ ቀድሞ በትዝታው የያዘውን ይዞ እንዲመጣ ይጠብቃል። የአድናቂው ደስታም የመጣው ከዚህ ነው፤ ለዓመታት ያጠራቀመው ትዝታ ለአንድ ጊዜ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል።

የተለመደው መልክ

የሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ ፊልም የታወቀ አካሄድ አለው። ልጁ በድህነት ወይም በሐዘን ያድጋል፤ ተሰጥኦው ይገለጣል፤ ዝና ይመጣል፤ ከዝናው ጋር መጠጥ፣ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ክህደት ይከተላል፤ ባለታሪኩ ይወድቃል፤ በመጨረሻ በታላቅ ኮንሰርት ይነሣል። በ2004 ስለ ሬይ ቻርልስ የወጣው «ሬይ»፣ በ2005 ስለ ጆኒ ካሽ የወጣው «ዎክ ዘ ላይን» ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። አካሄዱ ከመታወቁ የተነሣ በ2007 «ዎክ ሃርድ» የተባለ ፊልም ቅርጹን እንዳለ ወስዶ ቀልዶበታል።

እኛ ይህን ቅርጽ ከፊልም በፊት እናውቀዋለን። የገድል ጽሑፎቻችንን ያነበበ ሰው የልደቱን ምልክት፣ የወጣትነቱን ፈተና፣ ተጋድሎውን፣ በመጨረሻም የሚሰጠውን ቃል ኪዳን ያስታውሳል። ንጽጽሬ ስለ አተራረክ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ዘፋኝን ከቅዱስ ጋር ለማስተካከል አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉ። በገድል ቃል ኪዳኑ የሚሰጠው ለቅዱሱ ቢሆንም ተጠቃሚው ስሙን የሚጠራውና መታሰቢያውን የሚያደርገው ምእመን ነው። በፊልሙም የመጨረሻው ኮንሰርት ለዘፋኙ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ተመልካቹ ከትረካው ድርሻውን የሚቀበልበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሕዝቡን በመጋረጃው ላይ ሲያይ ራሱን ያያል።

ከገድል የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ጥናታቸው የገድል ጽሑፎችን በሰፊው ተጠቅመዋል። ገድል የተጻፈው ለታሪክ ማስረጃነት እንዳልሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። እንዲህ ያለ ምንጭ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለማን ጻፈው? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስለ ባለታሪኩ ዘመን ባይሆን እንኳ ስለ ጸሐፊው ዘመን ይናገራል። ዛሬም በፊልሞቹ ላይ የማነሣቸው እነዚሁን ሦስት ጥያቄዎች ነው።

የቆየ ጭምብል

የአድናቂ ፍቅር ጽንፍ መያዙ የእኛ ዘመን ግኝት አይደለም። በ1841 መጨረሻና በ1842 መጀመሪያ ፒያኖ ተጫዋቹ ፍራንዝ ሊስት በበርሊን ሲጫወት አዳማጮቹን ያነሣሣው ስሜት መነጋገሪያ ሆነ፤ በ1844 ገጣሚው ሃይንሪሽ ሃይነ ለዚህ ስሜት ከሊስት ስም የተቀዳ የበሽታ ስም የሚመስል መጠሪያ አወጣለት። ከ130 ዓመታት በኋላ፣ በ1975፣ እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ኬን ራስል ያንኑ ቃል ለፊልሙ ርእስ አድርጎ ወሰደው፤ ሊስትንም የ«ዘ ሁ» ባንድ ዘፋኝ ሮጀር ዳልትሪ እንዲጫወተው አደረገ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒያኒስት እንደ ሮክ ኮከብ ቀረበ። ራስል የሠራው የዘመን መደባለቅ ሆን ተብሎ የተደረገና ለማንም ያልተደበቀ ነበር።

የተለመደው ቅርጽም ቢሆን ከጭምብል ነጻ ሆኖ አያውቅም። በ1946 በወጣው «ዘ ጆልሰን ስቶሪ» ላሪ ፓርክስ የዘፋኙን የአል ጆልሰንን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት፣ ከአፉ የሚወጣ የሚመስለው ዘፈን የጆልሰን የራሱ ድምፅ ነበር። የአንዱ አካል የሌላውን ድምፅ ለብሷል። «ቤተር ማን» የሠራውም ከዚህ በመሠረቱ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የ1946ቱ ፊልም ስፌቱን ሲሰውር የ2024ቱ ስፌቱን ማሳየቱ ነው።

በአሻንጉሊት የተነገረ ሕይወት

ለክርክሬ ዋናው የታሪክ ማስረጃ በ1987 የተሠራ የ43 ደቂቃ ፊልም ነው። ቶድ ሄይንስ የተባለ ወጣት የፊልም ተማሪ ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካረን ካርፐንተር «ሱፐርስታር» የተሰኘ ሥራ አዘጋጀ። ካረን በ1983፣ በ32 ዓመቷ፣ ምግብን አልቀበል ከሚያሰኘው አኖሬክሲያ በተባለው ሕመም መዘዝ አርፋለች። ሄይንስ ታሪኳን ያቀረበው በሰው ተዋንያን ሳይሆን በባርቢ ዓይነት አሻንጉሊቶች ነው። ሕመሙ እየጠና ሲሄድ የአሻንጉሊቷን ፊትና ክንድ እየፋቀ አቀጠናቸው።

ይህ ምርጫ ሲነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ያየው ሰው ግን በቀላሉ አይረሳውም። ባርቢ በሴቶች አካል ላይ የተጫነ የውበት መለኪያ ምልክት ናት። በዚያ መለኪያ የተጎዳችን ሴት ታሪክ በራሱ በመለኪያው መተረክ፣ እርሷን የምትመስል ተዋናይት ልታስተላልፈው የማትችለውን ነገር ተናግሯል።

ፊልሙ ግን ለዘፈኖቹ ፈቃድ አልነበረውም። የካረን ወንድምና የሙዚቃ አጋሯ የነበረው ሪቻርድ ካርፐንተር ሄይንስን ከሰሰ፤ በ1990 ፊልሙ ከሕዝብ ፊት እንዲነሣ ሆነ። ፊልሙ በሕግ ከተሸሸገ በኋላ ያቆዩት ተመልካቾች ናቸው። ከቪዲዮ ካሴት ወደ ቪዲዮ ካሴት እየገለበጡ፣ ምስሉ በየቅጂው እየደበዘዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉት። አንድን ሥራ በሕይወት የሚያኖረው ቤተ መዛግብት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ለማግኘት ይቸግረኛል። እዚህ ላይ ፍርዱን ቀላል ላድርገው አልልም። እኅቱን በዚያ ሕመም ያጣ ወንድም ሐዘኑ በአሻንጉሊት ሲጫወቱበት ማየት አለመፈለጉ ይገባኛል። ሕጉም ከእርሱ ጋር ነበር። ሆኖም ውጤቱን መካድ አንችልም፤ ዘፈኑን በእጁ የያዘ ሰው ትረካውንም ማገድ ችሏል።

ሄይንስ ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ሞከረ። በ1998 «ቬልቬት ጎልድማይን» በተባለው ፊልሙ ዴቪድ ቦዊ ዘፈኖቹን ስለከለከለው፣ ቦዊን የሚያስታውስ ነገር ግን ሌላ ስም ያለው ምናባዊ ዘፋኝ ፈጠረ። በ2007 ደግሞ ከቦብ ዲላን ፈቃድ አግኝቶ «አይም ኖት ዜር» የተባለውን ሠራ፤ «እኔ እዚያ የለሁም» እንደማለት ነው። ዲላንን ስድስት ተዋንያን ተካፈሉት። ከእነርሱ አንዷ ኬት ብላንሼት የተባለች ሴት ናት፤ ሌላው ማርከስ ካርል ፍራንክሊን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ነው። ከስድስቱ አንዱም ቦብ ዲላን ተብሎ አይጠራም። የዲላንን ሕይወት ለማያውቅ ሰው ፊልሙ እንቆቅልሽ ነው። ለሚያውቅ ሰው ግን እያንዳንዱ ትዕይንት አንድ የአልበም ሽፋንን፣ አንድ ቃለ ምልልስን፣ አንድ አወዛጋቢ ኮንሰርትን ይጠራል። ተመልካቹ የጎደለውን እየሞላ ይከተላል።

የተሰወረ ለውጥና የተገለጠ ለውጥ

አሁን ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው በ2018 ስለ «ኩዊን» ባንድና ስለ ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ነው። አራት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ በዓለም ዙሪያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ራሚ ማሌክ የመርኩሪን አቋም፣ አረማመድና ጥርስ ሳይቀር ቀድቶ ተጫውቷል። በሐምሌ 13 ቀን 1985 ለኢትዮጵያ የረኀብ ተጎጂዎች ዕርዳታ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው «ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ላይ ኩዊን ያቀረበው ዝግጅት በዝርዝር ተደግሟል። ያ መድረክ በማን ስም እንደተዘረጋ የምናውቅ እኛ፣ የዘፋኙ የግል ትንሣኤ መደምደሚያ ሆኖ ስናየው ሌላ ስሜት ቢሰማን አይደንቅም።

በፊልሙ መርኩሪ በኤች አይ ቪ መያዙን ለባልደረቦቹ የሚነግራቸው ከላይቭ ኤይድ በፊት ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ግን ውጤቱን ያወቀው በ1987 ገደማ እንደሆነ ይናገራሉ። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለኮንሰርቱ እንደገና እንደተሰበሰበ ያሳያል፤ በእውነቱ ግን ኩዊን እስከ ግንቦት 1985 ድረስ በኮንሰርት ጉዞ ላይ ነበር። እነዚህ ለውጦች ኮንሰርቱን የሞት ጥላ ያጠላበት የመጨረሻ ድል አድርገውታል። ስለ ለውጦቹ ግን በመጋረጃው ላይ ምንም ምልክት የለም። ጥርሱ ትክክል ስለሆነ፣ ጢሙ ትክክል ስለሆነ፣ ሸሚዙ ትክክል ስለሆነ፣ ቀኑም ትክክል ነው ብሎ ተመልካቹ ያምናል። መልኩን ማመሳሰሉ ለትረካው እንደ ዋስ ቆሞለታል።

ሁለተኛው «ቤተር ማን» ነው። በዚህ ፊልም ቴክ ዛት ገና የመጀመሪያውን የሙዚቃ ውል ሲፈርም፣ ወጣቶቹ በለንደን ሪጀንት ጎዳና ላይ ወጥተው ከብዙ ሕዝብ ጋር «ሮክ ዲጄ»ን እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። «ሮክ ዲጄ» ግን በ2000 የወጣ የዊሊያምስ የግል ዘፈን ነው፤ ቡድኑ ከተበተነ አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህ በቀን አቆጣጠር ከ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የሚያንስ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ማንንም አያታልልም። ቺምፓንዚ በሪጀንት ጎዳና ሲጨፍር እያየ ትዕይንቱን እንደ ሰነድ የሚቀበል ተመልካች የለም። ኔብዎርዝም እንዲሁ ነው። በፊልሙ ውስጥ ዘፋኙ በሕዝቡ መካከል የቀድሞ ዘመን ራሱን እያየ ከእርሱ ጋር የጦር ሜዳ የሚመስል ውጊያ ይገጥማል። በዚያ ሜዳ የነበሩት 375,000 ሰዎች እንዲህ ያለ ውጊያ አላዩም። ዘፋኙ ግን በፍርሃትና ራስን በመጥላት ውስጥ እንደነበረ ከዚያ በፊትም በተደጋጋሚ ተናግሯል። ፊልሙ የሕዝቡን ትዝታና የዘፋኙን ትዝታ በአንድ ሜዳ ላይ አገናኝቷቸዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መለያ ይህ ነው። የሕይወት ታሪክ ፊልም ሁሉ ይለውጣል፤ ስለዚህ ለውጥ መኖሩን ብቻ መቁጠር ሩቅ አያደርሰንም። መጠየቅ ያለብን ለውጡ ለተመልካቹ ተገልጧል ወይስ ተሰውሯል ብለን ነው።

የትዝታ ባለቤቶች

የተገለጠ ለውጥ ዋጋ የሚኖረው ግን የተለወጠውን ለሚያውቅ ሰው ነው። «ሮክ ዲጄ» በ2000 እንደወጣ የሚያውቀው አድናቂ በሪጀንት ጎዳናው ትዕይንት ሁለት ዘመን በአንድ ጊዜ ያያል፤ የአሥራ ስድስት ዓመቱን ልጅ ያያል፣ ያ ልጅ ገና የሚሆነውንም ሰው ያያል። የማያውቀው ሰው የሚያየው ጥሩ ጭፈራ ብቻ ነው።

የገበያው ታሪክ ይህንኑ ይደግፋል። ዊሊያምስ በብሪታንያና በአውሮፓ የሠላሳ ዓመት ትዝታ ነው፤ በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ሥር አልሰደደም። ፊልሙ በጥር 2025 በአሜሪካ በስፋት ሲታይ በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ ያገኘው ገቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ብዙም አላለፈም። 110 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት የተዘገበው ሥራ በመላው ዓለም የመለሰው የዚያን ሩብ እንኳ አይሆንም። ለምስል ቅንብሩ ለኦስካር ታጭቷል፤ በአውስትራሊያ አካዳሚም ምርጥ ፊልም ተብሏል። ስለዚህ ውድቀቱን የሥራው ጥራት ማነስ ብቻውን አያብራራውም። ቺምፓንዚው ለሁሉም እኩል አዲስ ነበር፤ ትዝታው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ሰውየውን በማያውቁት ዘንድ ጭምብሉ የሚሸፍነው ፊት አልነበረውም።

ታሪክን በሙያ የምንሠራ ሰዎች አድናቂን እንደ ስሜታዊ ሕዝብ ማየት ይቀናናል። ሊስትን የሰሙትን የበርሊን ሰዎች ሃይነ በበሽተኛ ቋንቋ ገለጻቸው፤ በ1996 የማጽናኛ ስልክ የደወሉትን ልጃገረዶች ብዙዎች ሣቁባቸው። እነዚያ ልጃገረዶች ግን ዛሬ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴቶች ናቸው። የትኛው ዘፈን መቼ እንደወጣ፣ በየትኛው ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ እንደተንገዳገደ፣ በየትኛው ቃለ ምልልስ እንደዋሸ ያውቃሉ። ትኬት፣ መጽሔትና ካሴት አስቀምጠዋል። የዘመኑ የባሕል ታሪክ ሲጻፍ ምንጮቻችን እነርሱ ናቸው። ከወግ የወጣው ፊልም ከእኛ ቀድሞ ይህን አውቆላቸዋል፤ እንደሚያውቁ ሰዎች አነጋግሯቸዋል። ደስታቸው የመከበር ደስታ ይመስለኛል።

ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ

እስካሁን የተናገርሁት ፊልሙን ከመጠን በላይ ያወደሰ መስሎ ከሆነ፣ ራሴን ልቃወም። «ቤተር ማን» ቅርጹ ከወግ ይውጣ እንጂ ሥልጣኑ ከወግ አልወጣም። ተራኪው ባለታሪኩ ነው። ዘፈኖቹ የእርሱ ናቸው። ከአባቱ ጋር የነበረውን ቁርሾ የምናየው በእርሱ ዓይን ነው፤ የሌሎቹ የቡድኑ አባላት ጉዳይም እንዲሁ። ራሱን በእንስሳ መልክ ማቅረቡ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ራሱን አስቀድሞ የከሰሰ ሰው ከሳሾቹን ሥራ እንደሚያስፈታ በፍርድ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ክፉ ነበርሁ ብሎ የሚጀምር ትረካ ያን ክፋት የሚመዝነውም፣ ይቅር የሚለውም ራሱ ይሆናል። በ2019 ስለ ኤልተን ጆን የወጣው «ሮኬትማን» ላይም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዘፋኙ ከመድረክ ሲንሳፈፍ፣ ዘፈኖቹ ከዘመናቸው ውጭ ሲሰሙ ምናባዊነቱ ግልጽ ነው፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ግን ራሱ ኤልተን ጆን ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል፤ የቅርጽ ነጻነትና የሥልጣን ነጻነት። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሁለቱም የለውም። «ቤተር ማን» የመጀመሪያው አለው፣ ሁለተኛው የለውም። «ሱፐርስታር» ሁለቱም ነበረው፤ ዋጋውንም በመታገድ ከፈለ። አድናቂው በቅርጹ ነጻነት ሲደሰት የሥልጣኑን ጥያቄ ሊዘነጋው ይችላል። እኛ ግን ልንዘነጋው አይገባንም። የተገለጠ ጭምብልም ቢሆን ከኋላው አንድ የተወሰነ ሰው አለ፤ ያ ሰው ምን እንዳልነገረን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ንግግሬን ወደ ቤታችን መልሼ ላብቃ። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አዲስ አበባ ያየችውን ሐዘን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ወጣቶቹም ከቤተሰብ ሰምታችኋል። አንድ ቀን የእርሱን ወይም የዘመን አጋሮቹን ሕይወት በፊልም የሚተርክ ሰው ይነሣል ብዬ እገምታለሁ። ያ ሰው በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የመልክ ጥያቄ አይሆንም፤ የመብት ጥያቄ ይሆናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። በእኛ ሙዚቃ ደግሞ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የሦስተኛው ሰው ሊሆን ይችላል። መብቱ መከበሩ ተገቢ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይከበር ኖሯልና። ሆኖም ዘፈን መፍቀድና መከልከል ትረካን የመፍቀድና የመከልከል ኃይል እንዳለው ከካርፐንተሮቹ ታሪክ ተምረናል። ፈቃድ የሰጠ ቤተሰብ አስተያየትም መስጠት ይፈልጋል። ፊልሙን የሚያይ ተማሪ ይህን እያወቀ ይመልከተው።

ሁለተኛው የሚያጋጥመው የማስረጃ ጥያቄ ነው። ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈባቸው የካሴት ሽፋኖች ጥቂት አይደሉም። አንድ ዘፈን መቼ እንደወጣ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው በዚያን ጊዜ የሰማውን ሰው ነው። «እኅቴ በተዳረችበት ዓመት ነበር የወጣው» የሚለን ሰው የመዝገብ ቁጥር ያህል የሚጠቅም መረጃ ሰጥቶናል፤ ሠርጉ የተደረገበትን ዓመት ማግኘት ይቻላልና። እነዚህ ሰዎች በየቤታችን አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ስለዚህ የዚህ ሴሚስተር የመስክ ሥራችሁ ከቤታችሁ ይጀምር። አባትና እናታችሁን፣ አክስትና አጎታችሁን ስለሚወዱት ዘፋኝ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን ቅዱ፤ ካሴቱን ካስቀመጡት የሽፋኑን ፎቶግራፍ አንሡ። ምናልባት ፊልሙ የሚሠራው ከሃያ ዓመት በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ የተገለጠውን ለውጥ ከተሰወረው የሚለይ ተመልካች የሚኖረን፣ የሆነውን የሚያስታውሱ ሰዎች ቃል ዛሬ ከተመዘገበ ነው።